ልታጠብ ነው!

እኛ ቤት ገላ መታጠብ የግል ጉዳይ መሆኑ ካበቃ ቆይቷል። ታጣቢው ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ሳሎን መሃል ይቆምና «ልታጠብ ነው!» ብሎ ያውጃል። ይህን ጊዜ የምትጋግረው ምጣዱን ትነቅላለች፣ የሚተኩሰው ካውያውን ያስቀምጣል፣ ሰሃን የምታጥበው ቧንቧውን ትዘጋለች። ይህ ሁሉ ሥነ ሥርዓት የመጣው ቦይለራችን ወርዶ ኢንስታንት የሚሉት ታንከር አልባ ማሞቂያ ከተሰቀለ ወዲህ ነው። ያመጣው የባለቤቴ ወንድም ነው። «ቦይለር ቀኑን ሙሉ መብራት ይበላል፤ ይሄ የሚበላው ስትታጠቡ ብቻ ነው» አለን። እውነቱን ነው። ግን አበላሉ!

ዕቃው ላይ 5.5 ኪሎዋት ተብሎ ተጽፏል፤ በ220 ቮልት 25 አምፔር መሆኑ ነው። የኛ ምጣድ ደግሞ ለብቻው 16 አምፔር ይስባል። ብሬከሩ 32 ነው። ሁለቱ ከተገናኙ ጧ! ቤቱ ይጨልማል፣ እንጀራው ዓይን ሳያወጣ ይቀራል፣ ሳሙና የተለቀለቀው ሰው ይጮኻል።

ደግሞ ያ ሁሉ ጉልበት በደቂቃ 4 ሊትር ገደማ ውሃ ቢያሞቅ ነው፤ ያውም በ20 ዲግሪ። ሰፋ አድርገህ ከከፈትክ ለብ ያለ ይወርዳል። ይሙቅልኝ ብለህ ጠበብ ስታደርገው ግፊት አንሶት ቀጭ ይልና ይጠፋል። በመሃል ያለችውን ቦታ መክፈቻውን በሁለት ጣት ይዘህ እንደ ድሮ ሬዲዮ ጣቢያ ትፈልጋታለህ። አገኘኋት ስትል ጎረቤት ቧንቧ ይከፍታል።

እንዲህ ራቁቴን ቆሜ ስጠብቅ እቴጌ ጣይቱ ትዝ ይሉኛል። አዲስ አበባ እኮ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው በሙቅ ውሃ ምክንያት ነው። ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍል ውሃ እየወረዱ ይታጠቡ ነበር፤ መውረዱስ ደግ፣ ግን ታጥቦ ያንን ዳገት መልሶ መውጣት አለ። በበቅሎም ቢሆን አቧራው አይቀርም። አጃቢው ደግሞ በእግሩ ነው፤ ሜዳው ላይ ታጥቦ ጫፉ ላይ ሲደርስ እንዳልታጠበ ይሆናል። እቴጌይቱ ታዲያ ውሃውን ወደ ቤት እናምጣው አላሉም፤ ቤታቸውን ውሃው አጠገብ አሠሩ። ከተማውም ተከትሏቸው ወረደ። ብሬከር የለ፣ ግፊት የለ፣ የባለቤት ወንድም የለ።

የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። የቧንቧ ሠራተኛው «ችግሩ የመብራት ነው» ይላል፤ የመብራት ሠራተኛው «የውሃ ነው» ይላል፤ ሻጩ «የአጠቃቀም ነው» ይላል። ምን ዓይነት አጠቃቀም? እዚሁ ከተማ እየኖረ፣ ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ፣ ከሮቶ የሚወርደው ግፊት እንደሌለው፣ መብራት እንደሚጠፋ እያወቀ፣ ሦስቱ ባንድ ላይ ካልተገኙ የማይነሳ ዕቃ ይሸጣል! ቦይለሩ ጠዋት ያሞቀውን ማታ መብራት ቢጠፋም ያቆይልን ነበር። እነዚህ ሦስቱ በኛ ሰፈር የሚገናኙት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ተማሪ ልጅ በዚያ ሰዓት ይቀስቀስ?

በእርግጥ እሁድ እሁድ፣ ሲቀናው፣ ውሃው አያልቅም። በቦይለሩ ዘመን መጨረሻ የሚታጠብ ሰው የሚደርሰው ቀዝቃዛው ነበር፤ መጨረሻውም ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ። ይህን ለባለቤቴ ወንድም አልነገርኩትም፤ ይኮራብኛል።

እሱ እንደሆነ ሰሞኑን ስለ ሶላር ማሞቂያ ማውራት ጀምሯል። በሐምሌ! እኔም ጣሪያው የአከራያችን ነው ብዬ አለፍኩት። እሳቸው ጣሪያቸው ላይ ሰው ሲወጣ አይወዱም፤ ዲሽ ሊያስተካክል የወጣ ልጅ ቆርቆሮ ቀዶባቸው ነበር። ልጁ «ድመት ነው የቀደደው» አለ። እንግዲህ ድመት ቆርቆሮ ይቀዳል ወይ የሚለው ክርክር በግቢው እስካሁን አልተዘጋም፤ አከራያችን ድመቷን ይጠረጥራሉ።