የሁለት ድንጋዮች አጭር የሕይወት ታሪክ

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ ዛሬ የምንሸኘው ሁለት የካሜራ ድንጋዮችን ነው። «ድንጋይ ደግሞ ይሞታል ወይ?» የሚል ካለ፣ በልጅነቱ የሬዲዮ ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥቶ ነፍስ ሊዘራበት ያልሞከረ ሰው ነውና ዝም ብሎ ንፍሮውን ይብላ።

መንትዮቹ አልካላይን ከአባታቸው ከአቶ ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዚንክ ተወለዱ። ዘራቸው ጨዋ ነው። አያታቸውን ፈረንሳዊው ጆርጅ ሌክላንሼ እ.ኤ.አ. በ1866 ለወግ አበቃ፤ እነርሱን ደግሞ ካናዳዊው መሐንዲስ ሉዊስ ኧሪ በ1950ዎቹ መጨረሻ። እያንዳንዳቸው 1.5 ቮልት ነበሩ፤ ይህንንም ሸሚዛቸው ላይ በጉልህ ጽፈውት ይኖሩ ነበር።

እኔ ቤት ያመጣቸው ካሜራ ነው። መርካቶ ከአንድ ሻጭ ያገለገለች ካነን ፓወርሾት ኤ520 ገዛሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣች፣ 4 ሜጋፒክስል፣ ሁለት ድንጋይ የምትጎርስ። ሻጩ ሲያሳየኝ ሌንሷ ሽው ብሎ ወጣ፣ ፍላሿ ቦግ አለ፣ ልቤም ቀለጠ። ብሩን ቆጥሮ ሲያበቃ ክዳኗን ከፈተና የራሱን ሁለት ድንጋዮች አውጥቶ ኪሱ ከተተ። ለሁለት ድንጋይ እንዲህ መሰሰቱ አስቆኝ ነበር። የሰሰተላቸው በቻርጀር የሚሞሉ ኒኬሎች መሆናቸውን ያወቅሁት ከሳቁ በኋላ፣ በጣም ዘግይቼ ነው።

ለነገሩ መንትዮቹ የመጀመሪያዎቹ ሟቾች አይደሉም። ከእነርሱ በፊት ከሰፈር ሱቅ የገዛኋቸው ርካሽ ዚንክ ካርቦኖች ነበሩ፤ ገላቸው ላይ በፈረንጅ አፍ «ለከባድ ሥራ» ተብሎ የተጻፈባቸው። ሌንሱን ግማሽ መንገድ አድርሰው ዐረፉ። ለእነርሱ ድንኳን አልተተከለም።

መንትዮቹ ግን ሠርተዋል። የእህቴ መልስ ላይ አሥራ አንድ ፎቶ አንስተዋል፤ ሦስቱ የአማቾች፣ አንዱ የገዛ አውራ ጣቴ። ድፎው ሊቆረስ ቢላዋው ሲነሣ ግን ባትሪ ይቀየር የሚል ጽሑፍ መጣና ካሜራዋ ሌንሷን እንደ ምላስ አውጥታ ቀረች። ዳቦው ያለ ምስክር ተቆረሰ። እህቴ ይህን እስከ ዛሬ አልረሳችውም፤ ባሏም ያስታውሳታል።

ስለ አሟሟታቸው ብዙ ተወርቷል። አንዲት ጎረቤታችን «ዓይን በልቷቸው ነው» አሉ። አጎቴ «ፎርጅድ ነው» ብሎ ፈረደ። እውነቱ ሌላ ነው፦ ሟቾቹ አፈ ጠባብ እንስራ ነበሩ። ውኃው ሞልቷል፤ ሌንስ ሲገፋና ፍላሽ ሲሞላ ግን ካሜራ በአንዴ ገልብጡልኝ ትላለች፤ በዚያ አፍ ደግሞ በአንዴ አይገለበጥም። በጥድፊያው ቮልታቸው ይወድቃል፣ ካሜራዋም ይህን አይታ አልቀዋል ትላለች። ኒኬሎቹ ሸሚዛቸው ላይ 1.2 ብቻ ስለተጻፈ የድሃ ልጅ ይመስላሉ፤ ነገር ግን አፋቸው ሰፊ ነው፣ ያቺን 1.2 አካባቢም እስከ መዳከሚያቸው ድረስ ይዘዋት ይዘልቃሉ። እኔ ትልቁን ቁጥር አይቼ ገዛሁ። ገዳዩ እኔ ነኝ።

ስለዚህ ወራሾቹ ኒኬሎቹ ናቸው። የቀድሞዎቹ አንድ ክፉ ዐመል ነበራቸው፤ ሞልተው መሳቢያ ውስጥ ያደሩ እንደሆነ በሳምንታት ውስጥ ራሳቸውን ባዶ ያደርጋሉ። ሳንዮ እ.ኤ.አ. በ2005 ኤነሉፕን ካወጣ ወዲህ አብዛኛውን ጉልበታቸውን ዓመት ይዘው የሚቆዩ አሉ። እነዚያን ፈልጉ፤ አብረው የተገዙትን አብራችሁ ሙሉ፣ አሮጌና አዲስ አታጋቡ። ሊቲየሙ ባለ 1.5 ቮልት ከውጭ እንደመጣ አጎት ነው፤ ያለ ስስት ያወጣል፣ ቀላል ነው፣ ብርድ አይበግረውም፣ ግን ውድ ነው፤ አንዴ ካለቀም ዳግመኛ አይሞላም። በቁመት እነርሱን የሚመስል 3.7 ቮልት የሚሰጥ ሌላ ሊቲየም ግን አለ፤ ሁለት ሆኖ ከገባ ካሜራዋንም ይዟት ይቀበራል። አልካላይኑንም ቻርጀር ላይ አትስቀሉ፤ ሙት አይነሣም፣ ያፈስሳል እንጂ። ያገለገለ ካሜራ ስትገዙ ደግሞ ክዳኑን ከፍታችሁ ብረቶቹ ላይ ነጭ ዱቄት መኖሩን እዩ። ትንሽ ከሆነ ሎሚ የነካ ጥጥ ይጠርገዋል፤ አድርቁት። የክዳኑ መንጠቆ ከተሰበረ ግን ዋጋውን ቀንሱ፣ ወይ ላስቲክ አዘጋጁ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፣ ለእድሩ ይቅርታ እየጠየቅሁ ልናገረው። ትናንት ማታ ሬሳውን ከማውጣታችን በፊት አንደኛውን ለሙከራ ያህል የቆመው የግድግዳ ሰዓት ውስጥ ከተትኩት። ይኸው እስካሁን ይሄዳል። ሁለተኛው መሳቢያ ውስጥ ተራውን እየጠበቀ ነው። ድንኳኑን መንቀል ትችላላችሁ።