የጎተራው መዝገብና የሚዳቋ ደብዳቤ

ተረት ተረት። የላም በረት።

አራዊት ሁሉ እህላቸውን በአንድ ጎተራ የሚያስቀምጡበት አገር ነበር። ጎተራውን አያ ጅቦ ያስተዳድራል፤ ሒሳቡን አያ ዝንጀሮ ኦዲት ያደርጋል፤ መዝገብ ቤቱን ሚዳቋ ይዛለች። ገቢ ወጪው በኮምፒውተር ነው፤ ሠራተኞቹም በኢሜይል ይጻጻፋሉ። በመዝገብ ቤቱ በር ላይ «ሰባት ክረምት ያለፈው ፋይል ይጥፋ፤ ያልሞላው ይቆይ» የሚል ደንብ ተለጥፏል። ደህና ደንብ ነው፤ ግን ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። ያረጀውም አዲሱም፣ የጎተራውም የግሉም አንድ ላይ ተከምሯል።

ጅቦ እህሉን በልቶ ጨረሰ። በየወሩ ግን «ጎተራው ሙሉ ነው» የሚል ሪፖርት ያወጣል፣ ዝንጀሮም ይፈርማል። ወሬው አንበሳ ጆሮ ደረሰ። አንበሳ መርማሪ ሊልክ መሆኑ በተሰማ ሰሞን ከዝንጀሮ ቢሮ አጭር ኢሜይል ወጣ፤ «የመዝገብ ደንባችንን እንዳትረሱ»።

አጥፉ አላለም። ሁሉም ግን ገባቸው። ምስጦች ተጠርተው ሌት ተቀን የዘንድሮውን ወረቀት ይፈጩ ጀመር፤ ኢሜይሉም ተሰረዘ። ሚዳቋ «አያ ዝንጀሮ፣ መርማሪ እየመጣ እኮ ነው፤ አሁን ምንም አይነካም» ብትለው፣ «ደንብ ነው ያስከበርኩት» አላት።

ይህን እኔ አልፈጠርኩትም። እ.ኤ.አ. በ2001 የሂዩስተኑ የኃይል ንግድ ኩባንያ ኤንሮን ሲናጋ፣ ኦዲተሩ አርተር አንደርሰን ያደረገው ይኸው ነው። በጥቅምት ወር ከአንደርሰን ጠበቆች አንዷ የሰነድ መመሪያውን የሚያስታውስ ኢሜይል ላከች፤ ከዚያ በኋላ በቶን የሚቆጠር ወረቀት በማሽን ተቆራረጠ። መቆራረጡ የቆመው በኅዳር የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት መጥሪያ ሲደርስ ነው። አንደርሰን በ2002 ጥፋተኛ ተባለ። በ2005 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለጁሪው የተሰጠው ማብራሪያ ስሕተት ነበር ብሎ ፍርዱን ሻረው፤ 85 ሺህ ያህል ሠራተኛ የነበረው ድርጅት ግን ቀድሞ ፈርሶ ነበር። ምርመራን ለማሰናከል ሰነድ ያጠፋ እስከ 20 ዓመት ይታሰራል የሚለው የአሜሪካ ሕግም የወጣው በዚያው በ2002 ነው።

ወደ ተረቱ ልመለስ፤ ብዙዎች የሚዘሉት ክፍል ገና ነው። አንበሳ ጅቦንና ዝንጀሮን አባረረ። ከምስጥ የተረፈውን መዝገብም «ሕዝብ ይየው» ብሎ በሙሉ ዋርካው ላይ አሰቀለው። ስለ እህል ከተጻፈው መሐል ሚዳቋ ለእኅቷ የላከችው ደብዳቤ ተገኘ። ግልገሏ እንደታመመ፣ ባሏ ጥሏት እንደሄደ፣ ለመድኃኒት ከማን እንደተበደረች ይናገራል። ቀበሮ ጮክ ብሎ አነበበው። ደብዳቤው ከተጻፈ ዘጠኝ ክረምት አልፎታል፤ ደንቡ በጊዜው ቢሠራ ኖሮ ያን ቀን የሚነበብ ባልኖረ። መጥፋት የነበረበት ተሰቀለ፣ መቆየት የነበረበት ተፈጨ። እኔን ከጅቦ ስርቆት ይልቅ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

የኤንሮንን ኢሜይልም የአሜሪካ የኃይል ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በ2003 ለሕዝብ ለቅቆታል። ምንም ያላጠፉ ሠራተኞች የትዳር ወሬና የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር ሳይቀር ነበረበት። ኋላ ከፊሉ ቢነሣም ግማሽ ሚሊዮን ያህሉ ዛሬም በተመራማሪዎች እጅ ይዞራል። በተረቱም አንበሳ «ደብዳቤው ይውረድ» ቢል፣ ወፎች በቃላቸው ይዘውት ነበር።

ሚዳቋ አገር ለቃ ሄደች። መዝገብ ቤቱን ኤሊ ተረከበች። የግሉን ከጎተራው ለየች፤ ቀኑ የሞላውን በየክረምቱ መውጫ ታጠፋለች፤ ክርክር የተነሣበት ፋይል ላይ ግን ቀይ ክር ታስራለች፣ ሰባት ክረምት ቢሞላውም አይነካም። አንድ ቀን አህያ በእህል ድርሻዋ ጎተራውን ከሰሰች። የአንበሳ መልእክተኛ ነብር መጥሪያ ይዞ መጥቶ «እመት ኤሊ፣ ኮምፒውተሩን በሙሉ አምጪ» አላት።

«ክርክሩ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ነው?»

«ከመስከረም እስከ ጥር።»

«አህያና የጎተራው ሹም በእነዚያ ወራት የተጻጻፉት ይኸውልህ፤ አንድም አልጎደለም። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው የጦጣ የሕክምና ፋይል ግን ክርክሩ ውስጥ የለም፤ አልሰጥም።»

ነብር ተቆጥቶ ለአንበሳ ከሰሳት። አንበሳም መጥሪያውን ሁለት ጊዜ አንብቦ፣ «የሰጠችህ ይበቃል» አለው።