አምስት ነጥብ አንድ በአንድ ሳሎን

ሆም ቴአትር የሚባለው መሣሪያ የሲኒማ አዳራሽን ድምፅ ወደ መኖሪያ ቤት ለማምጣት የተሠራ የስፒከሮች ስብስብ ቢሆንም፣ በአዲስ አበባ ሳሎኖች ውስጥ ከድምፁ ይልቅ መልኩ ይቀድማል፤ ቦታው ቡፌው ላይ፣ ልብሱ ዳንቴል፣ ጎረቤቶቹም እንግዳ ካልመጣ የማይነኩ ብርጭቆዎች ናቸው። ጌም፣ ማለትም ከቴሌቪዥን ጋር ተያይዞ በጆይስቲክ የሚታዘዘው ፕሌይስቴሽንና መሰሎቹ፣ በአንጻሩ ምንጣፍ ላይ የሚውል፣ ፈተና ሲቃረብ ደግሞ ቁም ሣጥን ውስጥ የሚቆለፍ፣ ማዕርግ የሌለው ዕቃ ነው። ሁለቱን ማገናኘት ከሩቅ ለሚያየው የገመድ ጉዳይ ይመስላል፤ ነገሩን ቀረብ ብሎ ለመረመረ ግን ገመዱ የችግሩ ትንሹ ክፍል ሲሆን፣ ትልቁ የሳሎኑ አስተዳደር ነው።

በካርቶኑ ላይ የሚነበበው «5.1» የስፒከሮቹን ቁጥር ያመለክታል። አምስቱ የፊት ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ ንግግርን የሚያወጣው የመካከሉ፣ እንዲሁም ከበስተኋላ የሚቀመጡት ሁለቱ ናቸው፤ «ነጥብ አንድ» የተባለው ደግሞ ከ120 ኸርዝ በታች ያሉትን ወፍራም ድምፆች ብቻ የሚያስተናግደው፣ ሰዎች በአጭሩ ዉፈር የሚሉት ሣጥን ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ስለ አቀማመጣቸው ባወጣው ምክር መሠረት የፊቶቹ ሁለት ከአድማጩ ፊት ለፊት ካለው መስመር ወደ ግራና ወደ ቀኝ በ30 ዲግሪ፣ የኋላዎቹ ደግሞ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ባለው ማዕዘን ይቀመጣሉ። ምክሩ እንዲሠራ አድማጩ ከክፍሉ መካከል አካባቢ መቀመጥ፣ ከኋላውም ባዶ ቦታ መኖር አለበት።

በእኛ ሳሎን ግን ከአድማጩ ኋላ ያለው ግድግዳ ነው። ሶፋው ዙሪያውን ከግድግዳ ተጣብቆ ይሰለፋል፤ መካከሉ ለጠረጴዛው፣ በበዓል ቀንም ለቄጤማውና ለረከቦቱ የተጠበቀ በመሆኑ፣ ስለ ድምፅ ማዕዘን የሚነሣ ክርክር የቤቱ እመቤት ዘንድ ሳይደርስ ይሞታል። ግድግዳ ላይ ምስማር መምታትም ቢሆን የአከራይን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከቴሌቪዥኑ እስከ ሶፋው ጀርባ የሚጎተት ሽቦ ደግሞ መጥረጊያ ሲመጣ የማይተርፍ ነው። ስለዚህ የኋላዎቹ ሁለት ስፒከሮች በስተመጨረሻ ከወንድሞቻቸው ጋር ቡፌው ላይ ይደረደራሉ፤ አምስቱም በአንድ ረድፍ፣ ለፎቶግራፍ እንደተዘጋጁ ሆነው ይቆማሉ። የዚህ አሰላለፍ ውጤት በተኩስ ጌም ጊዜ በጉልህ ይታያል፤ የጌሙ ሠሪዎች ከተጫዋቹ ጀርባ እንዲሰማ ያሰናዱት የጠላት ኮቴ ከአበባ ማስቀመጫው አጠገብ ስለሚመጣ፣ ተጫዋቹ ከኋላው የሚደርስበትን ሰው ቡፌው ውስጥ ሲፈልግ ይገደላል።

ወደ ገመዱ ሲመጣ፣ የመጀመሪያው እንቅፋት ኤችዲኤምአይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የተደነገገው ይህ ገመድ ሥዕልንና ድምፅን አንድ ላይ ስለሚያስተላልፍ፣ ወጣቱ ከጌሙ ኋላ ነቅሎ በሆም ቴአትሩ ኋላ ባገኘው ተመሳሳይ ቀዳዳ ቢሰካው አይፈረድበትም። ሆኖም ዲቪዲ ማጫወቻ አብሮት የተሠራ ሆም ቴአትር አብዛኛውን ጊዜ ያለው አንድ መውጫ ብቻ ነው፤ የራሱን ፊልም ወደ ቴሌቪዥን ይልካል እንጂ የሌላ አይቀበልም። ጌሙም እንዲሁ መውጫ ብቻ ስላለው፣ በዚህ መንገድ የተገናኙት ሁለቱ ዕቃዎች ሁሉም ተናጋሪ ሆኖ አድማጭ የታጣበት ሽምግልና ይመስላሉ። ጸጥታውን የሰማው ወጣት ገመዱ ተበላሽቷል ብሎ ሌላ ይገዛል፤ ሌላውም ያው ዝም ይላል።

መፍትሔው የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው የኤችዲኤምአይ 1.4 ደንብ ሲሆን፣ ስሙም ኤአርሲ ይባላል። ኤአርሲ ማለት ሥዕል ወደ ቴሌቪዥኑ በሚሄድበት በዚያው ገመድ ላይ ድምፅ ከቴሌቪዥኑ ወደ ሆም ቴአትሩ እንዲመለስ የሚያደርግ ዘዴ ነው። ጌሙ ከቴሌቪዥኑ አንደኛው ቀዳዳ ይሰካል፤ ኤአርሲ የሚል ምልክት ያለበት ሌላኛው ቀዳዳ ደግሞ በሆም ቴአትሩ መውጫ ላይ ካለው ተመሳሳይ ምልክት ጋር ይገናኛል። ምልክቱ በሁለቱም ዕቃዎች ላይ መኖሩን አስቀድሞ ማየት ግዴታ ነው፤ ይህም ቡፌውን ከግድግዳ ማላቀቅን፣ በባትሪ ማብራትን፣ ከዓመታት በፊት የጠፋ ማንኪያ ማግኘትንም ይጨምራል።

ድምፅ ተሰማ ማለት ግን አምስቱም ሠሩ ማለት አይደለም። መደበኛው ኤአርሲ ሊኒየር ፒሲኤም የተባለውን ያልታመቀ ድምፅ የሚያሳልፈው በሁለት መሥመር ብቻ ሲሆን፣ አምስት ነጥብ አንዱን ለማሳለፍ ድምፁ ዶልቢ ዲጂታል ወይም ዲቲኤስ በሚባሉት ዘዴዎች ታምቆ መላክ አለበት። ስለዚህ በጌሙ የድምፅ ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ ከሊኒየር ፒሲኤም ወደ ቢትስትሪም ዶልቢ ካልተቀየረ፣ አምስት ስፒከር ተገዝቶ የሁለት ድምፅ ይደመጣል። ብዙ ቤቶች ለዓመታት በዚህ ሁኔታ መኖራቸውን ማንም አያውቅም፤ ሁሉም ቡፌው ላይ ስለሆኑ የትኛው እንደሚጮህ የሚለይ የለም።

ኤአርሲ ለሌለው ቤት ቶሺባ እ.ኤ.አ. በ1983 ያስተዋወቀው ኦፕቲካል የተባለ፣ ድምፅን በቀይ ብርሃን የሚያጓጉዝ ቀጭን ገመድ አለ። መውጫው ከፕሌይስቴሽን 2 ጀምሮ በመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን 4 ላይም የነበረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ቀጭኑ ፕሌይስቴሽን 4 እና በ2020 በመጣው ፕሌይስቴሽን 5 ላይ የለም። የኦፕቲካል ገመድ ጫፎች ከአቧራ በሚጠብቃቸው ትንሽ የፕላስቲክ ክዳን ተሸፍነው ይሸጣሉ፤ የቴሌቪዥን ሪሞት ከነላስቲኩ ዕድሜውን በሚፈጽምበት ቤት ግን ክዳን ማንሳት የተለመደ ሥራ ባለመሆኑ፣ ገመዱ ከነክዳኑ ቀዳዳው ውስጥ ካልገባሁ እያለ ሲታገል ይታያል። ኃይል ተጨምሮበት ከገባም የሚሰበረው ቀዳዳው ነው።

ከዚህ ሁሉ ሌላ የቀይና የነጭ ጃክ አለ። ይህ ሁለት መሥመር ብቻ የሚያስተላልፍ፣ በባለሙያዎች ዘንድ የተናቀ ገመድ ቢሆንም፣ ሆም ቴአትሩ ዶልቢ ፕሮ ሎጂክ ሁለት የሚባለው ማከፋፈያ ካለው ሁለቱን መሥመር ለአምስቱ ስፒከር አብቃቅቶ ያድላል፤ በፕሌይስቴሽን 2 ዘመን በርካታ ጌሞች ድምፃቸውን ያሰናዱት ለዚሁ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ አምስቱም ስፒከሮች በአንድ ረድፍ ለቆሙበት ሳሎን ከዚህ የተሻለ ገመድ መፈለግ ትርፉ ድካም ነው።

ሌላው ጉዳይ መዘግየት ነው። ድምፁ ታምቆ፣ በቴሌቪዥኑ ዞሮ፣ በሆም ቴአትሩ ተፈትቶ እስኪወጣ ድረስ ትንሽ ጊዜ ስለሚወስድ፣ በእግር ኳስ ጌም ኳሱ መረብ ከነካ በኋላ ጩኸቱ ሊከተል ይችላል። ድምፅን ከሥዕል ጋር የሚያስማማው ማስተካከያ ድምፁን ማዘግየት እንጂ ማፋጠን ስለማይችል እዚህ ላይ አይረዳም፤ የጌሙን ድምፅ ወደ ሊኒየር ፒሲኤም መመለስ ጊዜውን ሊያሳጥረው ይችላል፣ ግን አምስቱን ወደ ሁለት ያወርዳል። ይሁንና መዘግየቱ ጥቅም አለው፤ አራት ለዜሮ የተሸነፈ ሁሉ ምክንያት አያጣም።

የዉፈሩ ነገር ለብቻው ይታያል። ጆሮ የወፍራም ድምፅን አቅጣጫ በደንብ ስለማይለይ ዉፈር የትም ቢቀመጥ ይቻላል፤ ስለዚህ ጥግ ይዞ የአበባ ማስቀመጫ ይሸከማል። የ40 ኸርዝ ድምፅ አንዱ ሞገድ ከ8 ሜትር በላይ ስለሚረዝም የሰርቪስ ክፍል ግድግዳ አያቆመውም፤ ከጓሮ ለሚኖረው ተከራይም ከአምስት ነጥብ አንዱ የሚደርሰው ነጥብ አንዱ ብቻ ነው። ግብ መግባቱን፣ ቦንብ መፈንዳቱን ወይም መኪና መጋጨቱን የሚለይበት መንገድ ስለሌለው፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ራሱ መጥቶ በር ያንኳኳል።

ከዚያ በኋላ በሽምግልና የሚደረስበት ስምምነት በብዙ ቤት አንድ ዓይነት ነው። የፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲክ ከታችኛው ጠርዙ 3.5 ሚሊ ሜትር የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ስላለው፣ ወጣቱ የስልኩን ማዳመጫ እዚያ ይሰካል፣ ከማስተካከያው «ሁሉም ድምፅ» የሚለውን ይመርጣል፤ ጌሙም ያለ ቡፌና ያለ አከራይ በሁለት ጆሮው ብቻ ይካሄዳል። ሆም ቴአትሩ በበኩሉ በብሉቱዝ ከእናቲቱ ስልክ ጋር ተገናኝቶ እሑድ ጠዋት መዝሙር ያሰማል፤ ተከራዩም በዚህ ላይ እስካሁን ቅሬታ አላቀረበም።