ጥብቅና ለእሁድ ተጓዥ

በእሁድ ተጓዡ ላይ የሚቀርበው ክስ በዝቷል። ጫካ ገብቶ ሙዚቃ ያስጮኻል፣ ሐይቅ ዳር ሃይላንድ ይወረውራል፣ ተራራ ወጥቶ ተራራውን ሳያይ ይወርዳል ይሉታል። በደጉ ዘመን ቢሆን ኩታውን አጣፍቶ፣ ዘንጉን ጨብጦ «በላ ልበልሃ!» የሚልለት ነገረ ፈጅ አያጣም ነበር። ዛሬ ግን ሳምንቱን ሙሉ ቢሮ ውስጥ ሲታሽ ከርሞ አንድ ቀን ንጹሕ አየር ልሳብ ብሎ የወጣ ምስኪን ሁሉም ይረባረብበታል። ስለዚህ ማንም ሳይወክለኝ፣ የጥብቅና ዋጋም ሳልቀበል፣ ልሟገትለት ተነሥቻለሁ። ክሶቹን አንድ በአንድ እያነሣሁ እጥላለሁ።

የመጀመሪያው ክስ የሰዓት ነው። ማስታወቂያው «ልክ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከመስቀል አደባባይ እንነሣለን፤ አርፋጅ አንጠብቅም» ይላል። ኮስትሩ የሚንቀሳቀሰው 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በዚህ የሚያማርሩ ሰዎች የዘነጉት ነገር አለ። በሰዓቱ የተገኙት ሁለት ሦስት የዋሆች ብርዱን ለመርሳት አደባባዩን ሲዞሩ የሚሄዱት መንገድ ኋላ ተራራው ላይ ከሚሄዱት ይበልጣል። አዘጋጆቹ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሁለተኛ ጉዞ መረቁላቸው እንጂ ምን በደሏቸው?

ሁለተኛው ክስ የጩኸት ነው። መናገሻ ሱባ ጫካ ሞንታርቦ ይዞ መግባት ነውር ነው ይላሉ። እስቲ ጫካውን ራሱን እንመርምረው። በትውፊት እንደሚነገረው ጽዱን ያስተከሉት በ15ኛው ክፍለ ዘመን የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው፤ ዘሩም ከወፍ ዋሻ የመጣ ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ይህ ደን የሰማው ምንድን ነው? የወፍ ዜማ፣ የጉሬዛ ጩኸት፣ በቅርንጫፍ መካከል የሚያልፍ ነፋስ። አምስት መቶ ዓመት ሙሉ አንድ አዲስ ዘፈን አልደረሰውም። ደንበኛዬ ይህን ኋላ ቀርነት አይቶ አላስቻለውም፤ ሞንታርቦውን በትከሻው አንግቶ ደረሰለት። ሙዚቃው ሲጀምር ጉሬዛው ከዛፍ ዛፍ እየዘለለ የሚርቀው ጠልቶ ሳይሆን ለጨፋሪው ቦታ ለመልቀቅ ነው። የምኒልክ ድኩላም ብትሆን ድሮውንም ዓይነ አፋር ናት፤ እሷ አልታይ ባለች ሞንታርቦ ምን ያድርግ? ደግሞስ ደንበኛዬ በዝምታ ቢሄድ የሚሰማው የገዛ ሐሳቡን ነው። ከሐሳቡ ሊያመልጥ አይደል እንዴ ከከተማ የወጣው?

ሦስተኛው ክስ የፕላስቲክ ነው። በአውራ ጎዳና ዳር የሚጠብቁ የገጠር ልጆች መኪና ባዩ ቁጥር «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ይሮጣሉ፤ ባዶው ዕቃ ለእነሱ ውሃ መያዣ ነው። ደንበኛዬ ይህን ጥያቄ ሰምቷል፤ ልቡም ተነክቷል። እንዲያውም ልጅ ቀርቶ ፍየል በማይደርስበት ገደል፣ በሐይቁ ዳር ቄጠማ ውስጥ ሳይቀር አኑሮላቸው ሄዷል። በዚያ ላይ በብዙዎቹ መንገዶቻችን አቅጣጫ የሚያሳይ ምልክት የለም። ይህን ክፍተት የሞላው ማን ነው? ዛሬ የጠፋበት ሰው «ሃይላንዱን ተከትለህ ውረድ፤ የብስኩቱ ላስቲክ ጋ ስትደርስ ወደ ግራ ታጠፍ» ይባላል። ታሪክም ቢሆን ይፈርድለታል። የአክሱም ነገሥታት ሐውልት ተከሉ፤ የላስታ ጠራቢዎች ዐለት ፈልፍለው ቤተ መቅደስ አወጡ፤ እኛስ ለመጪው ትውልድ ምን አስቀረን ተብሎ ሲጠየቅ አንገት የሚደፋ ብዙ ነው። ደንበኛዬ ግን ሳይበሰብስ ዘመን የሚሻገር ፌስታል ቁጥቋጦ ላይ ሰቅሎ፣ ቅርስ የማኖር ድርሻውን ተወጥቶ ተመልሷል።

አራተኛው ክስ የፎቶ ነው፤ የተፈጸመውም ወንጪ ላይ ነው። ወንጪ በአምቦና በወሊሶ መካከል ያለ የጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ነው። አፋፉ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ቁልቁል ሲያዩት ከሥር ሐይቅ ተኝቷል፤ ከሐይቁ መካከል ደሴት፣ ከደሴቱ ላይ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ዳገቱን ይዞ እንሰት የሚያለማ ገበሬ ይኖራል፤ ፍል ውሃም ይፈልቃል። የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ መርጦታል። ከሳሾች እንደሚሉት ደንበኛዬ እዚያ በቆየበት ጊዜ ሁሉ ለሐይቁ ጀርባውን ሰጥቶ ነው የቆመው።

እውነት ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ወደ ሐይቁ ዞሮ ቢቆም ኖሮ ፎቶው ላይ የሚታየው ማጅራቱ ነበር። ሐይቁ ትናንትም ነበረ፣ ነገም ይኖራል፤ የደንበኛዬ ቱታ ግን ለዚህች ቀን ተብሎ የተገዛ ነው። ደግሞም ሐይቁን ጨርሶ አላየውም ማለት ሐሰት ነው። በመልሱ ጉዞ ኮስትሩ ውስጥ ስልኩን ከፍቶ፣ ከገዛ ጆሮው ጀርባ አጮልቆ አይቶታል። ቀለሙ ስላላረካውም ትንሽ ሰማያዊ ጨምሮለታል። በፎቶው ሥር የጻፈው «ሀገርህን እወቅ» የሚል ነው። ደሴቱ ላይ ያለው ደብር የማን እንደሆነ፣ እንሰቱ ምን እንደሚባል፣ ውሃው ለምን እንደሚፈላ አለመጠየቁን እንደ ጥፋት የሚቆጥሩ አሉ። ጨዋ እንግዳ የሰው ቤት ገብቶ ጥያቄ አያበዛም።

አምስተኛው ክስ የዋና ነው። ቢሾፍቱ ከተማ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተቦረቦሩ ጉድጓዶች ሐይቅ ሆነው ከብበዋታል፤ ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ቢሾፍቱ እያሉ ይቆጠራሉ። ደንበኛዬ እዚያ ድረስ ሄዶ፣ የመግቢያ ከፍሎ፣ ሐይቁ አፍንጫው ሥር እያለ የሚዋኘው በሪዞርቱ ገንዳ ውስጥ ነው። ምን ያስገርማል? ሐይቁን ለመሥራት ምድር ስንት ዘመን ፈጀባት፤ ሆኖም እንደ ገንዳው ወለሉ ሸክላ አልለበሰም፣ ጥልቀቱም ጠርዙ ላይ አልተጻፈም። ላንጋኖ የወረደው ባልንጀራው ደግሞ ውሃው ቡናማ ሆኖ ሲያገኘው «ያልተጣራ ነው» ብሎ አዝኗል። ደለል ነው ቢሉትም አልተጽናናም።

ከላንጋኖ አስፋልቱን ብቻ ሲሻገሩ የአብጃታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ አለ። የአብጃታ ሐይቅ የሚገብሩለት ወንዞች ለመስኖ ሲጠለፉበት፣ እሱም ለሶዳ አሽ ሲቀዳ፣ ዓመት ከዓመት እየሸሸ ነው። ሐይቁ ጥሎት የሄደው ነጭ ሜዳ ሰፊ ነው፤ ለፎቶ ይመቻል። ደንበኛዬ ሜዳውን አይቶ «እንዴት ያምራል!» ብሏል። ሐይቁ ሲሞት እንኳ ባዶ እጁን እንዳልሸኘው መመስከር የነበረበት ከሳሹ ነው።

ስድስተኛው ክስ የእግር ጉዞ ሄዶ በእግር አልተጓዘም የሚል ነው። እንደገና ወንጪ ላይ ነን። ቁልቁለቱን ደንበኛዬ እየዘፈነ በእግሩ ወርዷል። ሲመለስ ዳገቱ ፊቱ ላይ ቆመ። የአካባቢው ሰዎች በማኅበር ተደራጅተው ፈረስ ያከራያሉ፤ አንድ ልጅ ፈረስ ይዞ ቀረበ። ዋጋው ሲነገር ደንበኛዬ ደነገጠ።

«ማሙሽ፣ ኧረ ተው፣ ቀንስልን እንጂ!»

«ጋሼ፣ ዳገት ነው እኮ።»

«ዳገቱን የሚወጣው ፈረሱ አይደል?»

በዚህ ክርክር ማን እንዳሸነፈ መናገር አያሻም። ደንበኛዬ በወር ደመወዙ ሩብ የገዛውን የተራራ ጫማ በእርካቡ ላይ አሳርፎ ወጣ፤ ልጁ ኮንጎውን አጥልቆ ልጓሙን እየሳበ ከጎኑ ሮጠ። ከሳሾች ታዲያ ተራራውን በእግሩ የወጣው ማን ነው ብለው ያፌዛሉ። መልሱ ቀላል ነው፤ የምስክር ወረቀት የተሰጠው ደንበኛዬ ነው፤ «ወንጪን ድል አደረግሁ» የሚል ካናቴራ የለበሰውም እሱ ነው። ልጁ ያንኑ ዳገት በቀን ስንቴ እንደሚወጣ የሚያሳይ አንድም ፎቶ አልቀረበም።

ሰባተኛውን ክስ ይዘው የሚመጡት እንጦጦ ላይ ነው። ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍል ውሃ ከመውረዳቸው በፊት የከተሙበት ተራራ ነው። የማገዶ ችግር በጸናበት በዚያ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ዛሬ ጋራውን ሸፍኖታል። እ.ኤ.አ. በ2020 ፓርኩ ከተመረቀ ወዲህ ደንበኛዬ ቅዳሜ ቅዳሜም ይወጣል። ሽቅብ ሲያዘግም፣ ቁልቁል የምትመጣ ሴት ያገኛል። የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ እስክትጎብጥ ተሸክማለች። በጠባቡ መንገድ ላይ ሲገናኙ ዳር ይዛ የምታሳልፈው እሷ ናት። ነቃፊዎች ታዲያ ይህች ሴት ዕድሜዋን ሙሉ የምታደርገውን ደንበኛህ ለአንድ ጠዋት ቢያደርገው ምን ያስፎክረዋል ይላሉ።

ይህ ስፖርትን ካለማወቅ የመጣ ንግግር ነው። ሴትየዋ ከመነሣቷ በፊት አላሟሟቀችም። በእጇ የተራራ ምርኩዝ የለም። እርምጃዋን የሚቆጥር ሰዓት አላሰረችም፤ ስላልተቆጠረም አልተራመደችም። በየመንገዱ ቆማ ውሃ አልጠጣችም። ሸክሟም ቢሆን በባለሙያ አልተመጠነም። እንዲህ ያለ ሥርዓት የሌለው እንቅስቃሴ ለወገብ ጠንቅ ነው፤ ደንበኛዬ አሠልጣኝ ቀጥሮ፣ ምግቡን አስመጥኖ፣ ከወረደ በኋላ ብቻ አንድ ኪሎ ጥሬ ሥጋ በቢራ የሚያወራርድ ጠንቃቃ ሰው ነው።

ጨርሰው ሲሸነፉ ሰሜን ተራሮችን ይጠቅሱብኛል። ፓርኩ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ዋልያው እየተመናመነ፣ እርሻና ግጦሹ እየገፋ ሲመጣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። በ2016 በፓርኩ ውስጥ የነበሩት የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ተዛወሩ፤ በ2017 ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ነቃፊዎቼ ከዚህ ተነሥተው፣ ገበሬው ለዋልያና ለጭላዳ ሲል አባቶቹ የኖሩበትን ቀዬ ከለቀቀ፣ ደንበኛህ ለጉሬዛ ሲል የሞንታርቦውን ድምፅ ቢቀንስ ምናለ ይሉኛል። ይህ ማነጻጸሪያ ፍጹም ኢፍትሐዊ ነው። ገበሬው የተጠየቀው ቤቱንና ማሳውን ብቻ ነበር። ከደንበኛዬ ግን ዝም ብሎ መቀመጥ ትጠይቃላችሁ፤ ይህ ከሰው አቅም በላይ ነው።

እንግዲህ ክሱ ሁሉ እንደወደቀ ግልጽ ነው። ሆኖም ነቃፊ አርፎ አይተኛምና ጠቡን ለዘለቄታው የሚያበርድ ሐሳብ አለኝ። ደንበኛዬ ከጉዞው የሚፈልገውን ሁሉ በዝርዝር ጻፍኩት፤ ፎቶ፣ ሙዚቃ፣ ሥጋ፣ ገንዳ፣ ካናቴራ፣ የምስክር ወረቀት። ከዝርዝሩ ውስጥ ሐይቅም ተራራም አላገኘሁም። ስለዚህ ቦሌ አካባቢ አንድ ሰፊ አዳራሽ እንከራይ። ግድግዳው ላይ ወንጪ በትልቁ ይታተም፤ ሰማያዊው ከወዲሁ ይጨመርበት። አዳራሹ ፎቅ ላይ ይሁን፤ ደረጃው ተራራ ይሆናል፤ ለደከመው አሳንሰር አለ። ሞንታርቦው በአራቱም ማዕዘን ይተከል። ወለሉ ላይ ባዶ ሃይላንድ ይነስነስ፤ ሰው በለመደው አካባቢ ይዝናናል። መነሻ ሰዓቱ እንደ ወትሮው 12 ሰዓት ተብሎ በር የሚከፈተው 2 ሰዓት ተኩል ይሁን። ነዳጅ ይቆጠባል፤ ጎማ አይፈነዳም፤ ማንም በእንቅልፉ የጎረቤቱ ትከሻ ላይ አይወድቅም።

በዚህ አሠራር ወፉም ጉሬዛውም ይስማማሉ። የሚጎዳው የፈረሱ ልጅ ብቻ ነው የሚል ሩኅሩኅ ቢነሣ እሱንም አስቤበታለሁ። ደንበኛዬ ዋጋውን ሲያስቀንሰው ስለኖረ፣ ጨርሶ ሲቀርበት ብዙም ልዩነት አይታየውም።