ንስርህን አየሁት

ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ
ጥር

ይድረስ ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፤

የእማዬ ጉልበት ተሻላት? እኔ ከናንተ ናፍቆትና ከዚህ አገር ብርድ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱ ዛሬ ጠዋት ከዜሮ በታች 20 ነበር፤ ይህን ግን ለራስህ ያዘው። እማዬ ከጠየቀችህ «ትንሽ ይነፍሳል አለ» በላት፤ ያለዚያ ስለት ትሳልልኛለች።

«እንደ ንስር የመኖር ሰባት መርሆዎች» ያልከው የሥልጠና ስላይድ በቴሌግራም ደርሶኛል። አምሮበታል። ወርቃማው ፊደል፣ ከኋላ ያለው መብረቅ፣ መጨረሻው ገጽ ላይ ኮትህን ከፍተህ እጅህን የዘረጋህበት ፎቶ፣ ሁሉም ልብ ይነካል። «አንተ ንስሩ አገር ነህና በዓይንህ አይተህ መስክርልኝ፤ ከተገኘም አንድ ላባ ላክልኝ» ስላልከኝ፣ ታላቅ መሆን ዕዳ ነውና ሄድኩልህ።

የወሰደችኝ ጎረቤቴ ናት፤ ጡረታ የወጣች ፈረንጅ። እዚህ አገር በበረዶው ወራት ጤነኛ ሰው ቤቱ ይከተታል፤ እሷና ጓደኞቿ ግን ሦስት እግር ያለው መነጽር ተሸክመው ወንዝ ዳር ይወጣሉ። እኔም ሱሪ በሱሪ ላይ፣ ካልሲ በካልሲ ላይ ደርቤ፣ ከጃኬቱ ሥር የእማዬን ጋቢ ተጠቅልዬ፣ ቡና በፔርሙዝ፣ ቆሎ በላስቲክ ይዤ መኪናዋ ውስጥ ገባሁ። የመኪናው ቀበቶ አልዞርብኝ ብሎ ሁለታችን ታገልነው።

ሚሲሲፒን ተከትለን ወደ ደቡብ ወረድን። ወንዙ መንገድ ላይ ሰፍቶ ፔፒን የሚባል ሐይቅ ይሆናል፤ ሐይቁ ጥርቅም ብሎ በበረዶ ተዘግቷል። ሰዎቹ በላዩ ላይ ፒክአፕ ነድተው ይገቡና በረዶውን በስተው ዓሣ ያጠምዳሉ። ቅዱስ ጴጥሮስ በእግሩ ሞክሮ የሰጠመበትን እነዚህ በአራት ጎማ ያደርጉታል።

ከሐይቁ በታች ግን ወንዙ ይጠብና ይፈጥናል፤ ከዊስኮንሲን በኩል ቺፐዋ የሚባል ወንዝም ይቀላቀለዋል። የሚሮጥ ውሃ በቀላሉ በረዶ ስለማይሆን፣ ዋባሻ የምትባለው ትንሽ ከተማ አጠገብ ወንዙ ክፍት ሆኖ ይከርማል። ከሰሜንና ከካናዳ ሐይቅ የተዘጋባቸው ንስሮች ዓሣ ፍለጋ እዚህ ይወርዳሉ። ከዚያም ወደ ታች በፈረንጆች አቆጣጠር በ1930ዎቹ ለመርከብ ማመላለሻ የተሠሩ ግድቦች አሉ፤ ግድቡን ሲያልፍ የደነዘዘ ዓሣ ሥሩ ላይ ስለሚንሳፈፍ፣ እዚያም ይሰበሰባሉ።

እንግዲህ ወደ መርሆዎችህ ልግባ።

«ንስር ብቻውን ይኖራል» ብለሃል። ወንድሜ፣ ቅጠሉ የረገፈ አንድ ትልቅ ዛፍ ላይ ከዐሥር በላይ ሆነው፣ የቀበሌ ስብሰባ ላይ እንደተቀመጠ ሰው፣ ማንም ማንንም ሳያይ ተደርድረው አገኘኋቸው። አጀንዳውን ስጠብቅ እግሬ ደነዘዘ። ጎረቤቴ ከመኪና አትውረድ ያለችኝ ለእኔ አዝና መስሎኝ ነበር፤ ለካ ንስሮቹ መኪና አይፈሩም፣ ሰው ሲወርድ ግን ይነሳሉ። በብርድ ያላግባብ መብረር ጉልበት ማባከን ነው።

«ንስር ማዕበል ሲመጣ ከደመና በላይ ይወጣል» ላልከውም ይኸው መልስ ይበቃል። ብርዱና ንፋሱ ሲበረታ ቅርንጫፉ ላይ ኩርምት ብሎ ይውላል፤ ሲመሽ ከነፋስ የተከለለ ሸለቆ ፈልጎ ከብጤዎቹ ጋር ያድራል። ይህን እኔም ያለ ሥልጠና እችለዋለሁ።

«ንስር ጥንብ አይነካም» የሚለውን ገጽ ግን ዛሬውኑ አውጣው። ሞቶ የተንሳፈፈ ዓሣ ይበላል፤ መኪና ገጭቶ የጣለውን አጋዘን ይበላል፤ አዳኞች ጥለውት የሄዱትን አንጀት ይበላል። ከዚህ አንጀት ጋር የተቀላቀለው የጥይት እርሳስም እየመረዘ ስንቱን ይገድላል።

አንዱ ሲያጠምድ ያየሁትን ልንገርህ። ከዛፉ ያለ ምንም ድምፅ ተንሸራቶ ወረደ፤ ውሃው ጋ ሲደርስ ቢጫ እግሩን ወደ ፊት ወርውሮ አንድ የብር ቀለም ያለው ዓሣ መንጭቆ ወጣ። ክንፉ ሲዘረጋ ከሁለት ሜትር ያልፋል፤ እውነት እልሃለሁ፣ ቆሎው እጄ ላይ ቀረ። በሚንሳፈፍ በረዶ ላይ አርፎ፣ በአንድ እግሩ ዓሣውን ረግጦ መቦጨቅ ሲጀምር፣ ገና ራሱ ያልነጣ ቡናማ ጎረምሳ መጣበት። (ራሳቸው የሚነጣው አምስት ዓመት ገደማ ሲሞላቸው ነው።) ግፊያ ሆነ፣ ዓሣው ወደ ጎረምሳው ዞረ። ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ቁራ ከኋላ መጥቶ የባለቤቱን ጭራ ይጎትት ነበር። «ንስር ከቁራ ጋር አይውልም» ያልከውን እዚህ ላይ አስታወስኩት።

ቤንጃሚን ፍራንክሊን ፈረንሳይ ሳለ በ1784 ለሴት ልጁ በጻፈው ደብዳቤ ይህን ወፍ ክፉኛ ወቅሶታል፤ ሠርቶ አይበላም፣ ሌላ ወፍ ለፍቶ ያጠመደውን ይነጥቃል ብሎ። እሱም እንደ እኔ ባሕር ማዶ ሆኖ ለቤተሰቡ ወፍ ያማ ነበርና፣ ደብዳቤዬ ታሪካዊ መሠረት አለው።

አሁን ሠልጣኝ የሚያለቅስበት ገጽ ላይ ደረስን፦ «ንስር 40 ዓመት ሲሞላው ተራራ ላይ ወጥቶ ምንቃሩን በድንጋይ ይሰብራል፣ ላባውን ይነቅላል፣ ታድሶ ሌላ 30 ዓመት ይኖራል።» ዋባሻ ውስጥ ብሔራዊ የንስር ማዕከል አለ፤ ተጎድተው ወደ ዱር መመለስ የማይችሉ ንስሮች ይኖሩበታል። አንዷን ባለሙያዋ በቆዳ ጓንት ላይ አስቀምጣ ክንድ በማይሞላ ርቀት አሳየችን። ዓይኗ ፈዛዛ ቢጫ ነው፤ በየመሀሉ ስስ ሽፋን ከጎን መጥቶ ይጠርገዋል። አፏን ስትከፍት ግርማ ስጠብቅ ቀጭን ጭጭታ ወጣ። ፊልም ላይ የምንሰማው አስፈሪ ጩኸት ብዙ ጊዜ የቀይ ጭራው ጭልፊት ነው፤ ንስሩ የሚኖረው በሰው ድምፅ ነው። ከኋላዋ እንዳትቆም ተብዬም ነበር፤ የምትለቀው ነገር በአግድም ርቆ ይሄዳል።

የምንቃሩን ነገር ጠየቅኩልህ። ምንቃር እንደ ጥፍር እያደገ እየተሞረደ የሚኖር ነው፤ የሰበረ ንስር መብላት አይችልምና በረሃብ ይሞታል። ላባም በየጊዜው ጥቂት በጥቂት ይቀየራል እንጂ አይነቀልም። በዱር ከኖሩት ሁሉ ዕድሜው በትክክል የታወቀው አንጋፋ 38 ዓመቱ ነበር። ስለዚህ ለመታደስ ተራራ የሚወጣ ቀርቶ ለ40ኛ ልደቱ የሚደርስ የለም ማለት ይቻላል።

መታደሱስ ሌላ ታሪክ አለው። ዲዲቲ የሚባለው ፀረ ተባይ ከእርሻ ወደ ውሃ፣ ከውሃ ወደ ዓሣ፣ ከዓሣ ወደ ንስር እየገባ የእንቁላሉን ቅርፊት አሳሳው፤ እናት ልትታቀፈው ስትቀመጥበት ይሰበር ነበር። በ1963 ከአላስካ በስተቀር በመላ አገሩ የተቆጠሩት ጥንዶች 417 ብቻ ነበሩ። በ1972 ዲዲቲ ታገደ፤ ጎጇቸው ተጠበቀ፤ በ2007 ከአደጋ መዝገብ ወጡ። በ2021 የወጣው ግምት 71,400 ጥንዶች ይላል። ልብ በል፤ እነዚያ 417 ጥንዶች የአስተሳሰብ ለውጥ አላስፈለጋቸውም፤ ሲጠፉም ሲበዙም ያው ንስር ናቸው። መርዙን ያስቆመላቸው ሕግ ነው። ይህን ገጽ ብታስገባ ሠልጣኞችህ ያለቅሱ እንደሆነ አላውቅም፤ ቢያንስ በሥራ ቦታቸው የሚመርዛቸውን ነገር ቀና ብለው ያያሉ።

ለስደተኛ የሚጥመው ነገር ደግሞ ይኸውልህ። ይህ ወፍ ከ1782 ጀምሮ የአገሪቱ ማኅተም ላይ አለ፤ «ብሔራዊ ወፍ» የሚለው ወረቀቱ በሕግ የወጣለት ግን በ2024 ታኅሣሥ ነው። ያንንም ያስጨረሱለት የዋባሻው ማዕከል ሰዎችና የሚኒሶታ እንደራሴዎች ናቸው። እኔም የራሴን እየጠበቅኩ አይደለሁ? ተጽናንቻለሁ።

ላባውን እርሳው። የወደቀ ላባ እንኳ ማንሳት በሕግ ክልክል ነው፤ ለመጀመሪያ ጥፋት እስከ 100,000 ዶላርና አንድ ዓመት እስር ያስቀጣል። የሚገኘው ላባ ኮሎራዶ ወዳለ የመንግሥት ማከማቻ ተልኮ ለአገሩ ነባር ሕዝቦች ለሥርዓታቸው ይታደላል። ወንድምህን በላባ አሳስረህ በስንት ሥልጠና ታስፈታዋለህ?

ይልቅ ሠልጣኞችህን ይዘህ ሀዋሳ ውረድ። እዚያ ሐይቁ ዳር ያለው ዓሣ በል ንስር የዚህኛው ዘመድ ነው፤ ራሱ ነጭ፣ ድምፁም ከዚህኛው እጅግ የሚሻል። አሞራ ገደል የተጠበሰ ዓሣም አለ፤ ብርድ የለም።

የሚመጣ ሰው ካለ በርበሬና ሽሮ ላኩልኝ፤ ቆሎውን በዛ አድርጉት፣ ጎረቤቴ ለምዳብኛለች። እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ።

ታላቅ ወንድምህ

ማሳሰቢያ፦ በላክሁልህ ፎቶ ዛፉ ላይ ያለችው ነጥብ ንስሩ ነው። ከዛፉ ሥር ያለው ድብልብል ነገር እኔ ነኝ፤ ስላይድህ ላይ የምትለጥፈው እንደሆነ እንዳታምታታን።