ይቅር ባይ ብረት

ሐኪሜ «ተራመድ» አለኝ እንጂ «ጎልፍ ተጫወት» አላለኝም። ጎልፉን ያመጣው የዕቁባችን ጸሐፊ ነው። «አንተ ለመራመድ ብቻ ብለህ ከቤት አትወጣም፤ የምትከተለው ነገር ያስፈልግሃል» አለኝ። እውነቱን ነው። እኛ አገር ሰው ከብት ይከተላል፣ ታቦት ይከተላል፣ ሬሳ ይከተላል፤ ምንም ሳይከተል ዝም ብሎ የሚራመድ ግን ጤናው ያጠራጥራል። እኔም በሃምሳ ሦስት ዓመቴ፣ እዚህ ሲያትል፣ ነጭ ኳስ መከተል ጀመርኩ።

አውቶቡስ ነጂ ነኝ። 36 ቁጥር በቢከን ሂል ሽቅብ ወጥቶ በጀፈርሰን ፓርክ የጎልፍ ሜዳ በኩል ያልፋል። ዓመታት ሙሉ ከመሪው ላይ ሆኜ እያየኋቸው «እነዚህ ሰዎች ሥራ የላቸውም?» እል ነበር። ሜዳው የከተማው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1915 የተከፈተ፣ ከፍሎ የመጣ ሁሉ የሚጫወትበት። ከኮረብታው ቁልቁል ወደ ሬኒየር ጎዳና ሲወርዱ የእኛው ምግብ ቤቶች፣ የእኛው በርበሬ ሻጮች አሉ። ጎልፍ የሀብታም ጨዋታ ነው የሚለው ሰበቤ ገና በሩ ላይ ተሰበረ።

ዱላ ግን ያስፈልጋል። ደንቡ እስከ 14 ዱላ መያዝ ይፈቅዳል፤ አብዛኛው አይረን የሚሉት ነው፣ ብረቱ። አንድ ቅዳሜ ጎረቤቴ የጋራዡን ዕቃ ግቢው ላይ ዘርግቶ ሲሸጥ ስምንት አይረን በአርባ ዶላር አገኘሁ። እንዴት ያምሩ ነበር! ጀርባቸው ልሙጥ፣ ምላጫቸው ስስ፣ ፀሐይ ሲያርፍባቸው እንደ ሰንጢ ያብለጨልጫሉ። ብሌድ ይባላሉ። ጎረቤቴ ሲሸጥልኝ ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር የስስት ኀዘን መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው እፎይታ ነው።

በብሌድ ኳስ ስቶ መምታት ምን እንደሚመስል በጥር ጠዋት ያልሞከረው አያውቀውም። ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ካፊያው አያቆምም፤ እኔ ሰባት ቁጥሬን ሰቅዬ አወረድኩት። ኳሱን አገኘሁት፤ ያገኘሁት ግን በብረቱ ጠርዝ ነው። ንዝረቱ ከመዳፌ ተነሥቶ በክርኔ አልፎ ጥርሴ ላይ አረፈ። ኳሱ እንደ ደነገጠ ቆቅ መሬት ለመሬት ሮጦ ሃያ እርምጃ ላይ ቆመ። በሁለተኛው ምት ኳሱ ከቦታው አልተነቃነቀም፤ የሄደው መሬቱ ነው። አንድ የእንጀራ ቁራሽ የምታህል ሣር ተገንጥላ እየተገለባበጠች በረረች። ዕቁብ ጸሐፊው «እሷ ጥሩ ሄደች» አለ።

እኔ ደግሞ በዱላና በኳስ እንግዳ አይደለሁም። ጎጃም በልጅነቴ ገና ተጫውቻለሁ፤ ጫፉ የተቆለመመ የወይራ ዱላ ይዤ ከወንዝ ማዶ ልጆች ጋር ሩር ስቀጠቅጥ ቅልጥሜ አብጦ ቤቴ ገብቻለሁ። ያኔ ዱላህን ራስህ ከዛፍ ትመርጣለህ፤ ጠማማውን ፈልገህ ትቆርጣለህ። ከሳትክ የምትመታው የሰው ቅልጥም ነው። ቢሆንም በገና ቀን ጌታው እንኳ በሎሌው አይቆጣም ይባላል፤ ይቅርታው ያለው ከበዓሉ ነው፣ ከዱላው አይደለም።

ለዚህም ነው ጸሐፊው «ለአንተ የሚሆንህ ይቅር ባይ አይረን ነው» ሲለኝ የሳቅኩት። ቃሉ የራሱ አይደለም፤ ሻጩም፣ አሠልጣኙም፣ ተጫዋቹም እንዲሁ ይላሉ፣ «ፎርጊቪንግ»። እኔ ይቅር ባይ ሲባል የማውቀው እግዚአብሔርን ነው፤ ከእርሱ ቀጥሎ እናቴን። ለሌላው ይቅርታ ሽማግሌ ይላካል፣ ድንጋይ በጫንቃ ይያዛል፣ ደጅ ይጠናል። አሁን በዱቤ ካርድ ይገዛል ሲሉኝ እንዴት ልመን? በዚያ ላይ ኩራትም ነበረብኝ። ይቅር ባይ አይረን ጀርባው ፈልፈል ያለ፣ ከሥሩ ደንደን ያለ፣ አንገቱ ወደ ኋላ ሸሸት ያለ ነው። ከብሌዶቼ አጠገብ ሲቆም ከሙሽራ ጎን የቆመ ጋሪ ገፊ ይመስላል።

ኩራቴን የሰበረው የእግር ፓውደር ነው። ጸሐፊው ከቦርሳው የሚረጭ የእግር ፓውደር አውጥቶ የሰባት ቁጥሬን ፊት ፊፍ አደረገበት፤ ብረቱ ነጭ ሆነ። «ምታ» አለኝ። መታሁ። ኳሱ ፓውደሩን አንሥቶ ድፍን ክብ ምልክት ይተዋል፤ የት እንደመታህ ምስክር ነው፣ ይግባኝ የለውም። ዐሥር ኳስ መታሁ። አንዱም መሐል የለም። ስድስቱ ወደ ጫፉ፣ ሁለቱ ወደ አንገቱ፣ አንዱ ከሥር ጠርዙ ላይ፤ ዐሥረኛው ምንም ምልክት አልነበረውም፣ ኳሱንም አላገኘሁትም ነበርና። ጸሐፊው ብረቱን እንደ ዕቁብ ደብተር ትኩር ብሎ አየና «አንድ ጊዜ እንኳ ዕጣ አልደረሰህም» አለ።

ቤት ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ፤ ያነበብኩት ከጎልፉ በላይ ገረመኝ። ይህን የይቅርታ ነገር ብረት ውስጥ በማስገባት ዓለምን የለወጠው ሰው የሲያትል ልጅ ነው። ካርስተን ሶልሃይም ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1911 ኖርዌይ፣ በርገን ተወልዶ በሕፃንነቱ ወላጆቹ ወደዚህ አመጡት፤ ያደገው ባላርድ፣ የስካንዲኔቪያ ዓሣ አጥማጆች ሰፈር ነው። አባቱ ጫማ ሰፊ ነበር። ልጁ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ምሕንድስና ጀምሮ ዘመኑ የድህነት ስለነበር ገንዘብ አጥሮት አቋረጠና እርሱም ወደ ጫማ ጥገናው ተመለሰ። የስደተኛ ልጅ፣ ትምህርቱን ያቋረጠ፣ የሰው ጫማ የሚጠግን። የእኛን ታሪክ በነጭ ቆዳ ያነበብኩ መሰለኝ። ኋላ መሐንዲስ ሆነ፤ ጎልፍ የጀመረው ግን በ42 ዓመቱ ነው፣ የሥራ ባልደረቦቹ ጎትተውት። እርሱንም ጨዋታው ያስቸገረው እንደ እኔው ነበር፤ ልዩነቱ እርሱ ራሱን ሳይሆን ዱላውን መውቀሱ ነው። ይህን ዓይነት ሰው ወደድኩት።

አሁን የጎልፍ ዱላ ጫፍ ክፍሎች ስማቸው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። መያዣው የሚገባበት በኩል ተረከዝ ይባላል። ከዚያ ማዶ ያለው ጣት። ከሥር መሬት የሚነካው ሶል። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። ስሞቹን እርሱ አላወጣቸውም፣ ከእርሱ በፊት የነበሩ ናቸው፤ ነገር ግን ዕድሜውን ተረከዝና ሶል ሲመታ የኖረ ሰው ካልሆነ በቀር ክብደቱን ከመሐል አንሥቶ ለተረከዝና ለጣት ማካፈል ለማን ይታየዋል? ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ጫማ ሰፊ ወዳጅ ያለው ይጠይቅልኝ። እ.ኤ.አ. በ1959 የሠራው ፐተር፣ ኳሱን ወደ ጉድጓዱ የሚገፉበት ዱላ፣ ኳስ ሲነካ «ፒንግ» ብሎ ጮኸ፤ ኩባንያውን በዚያው ድምፅ ሰየመው። በ1960ዎቹ ደግሞ ዘዴውን ወደ አይረኖቹ አመጣው፤ ጀርባቸውን ፈልፍሎ ክብደቱን ወደ ዳር ዳር ወሰደው።

ክብደት ወደ ዳር ቢሄድ ምን ይፈይዳል? ይህን ለመረዳት ወጥ ቤት ገባሁ። የወለል መጥረጊያውን እንጨት ነቀልኩና ሁለት ኪሎ በርበሬ በሁለት ፌስታል ከፍዬ ሁለቱንም መሐሉ ላይ አሰርኩ። እንጨቱን መሐሉን ይዤ ግራና ቀኝ ባወዛውዘው እንደ ላባ ተሽከረከረ። ከዚያ አንዱን ፌስታል ከአንዱ ጫፍ፣ ሌላውን ከሌላው ጫፍ አሰርኩ። ያው ሁለት ኪሎ ነው፤ አሁን ግን ላዞረው ብል እምቢ አለኝ፣ እንደ ግትር በቅሎ። ብረቱም እንዲሁ ነው። ኳሱን በጣቱ በኩል ስትመታው ስሱ ብሌድ እጅህ ላይ ይዞራል፤ ኳሱ አቅጣጫውንም ጉልበቱንም ያጣል። ክብደቱ ዳር ዳር ያለው ግን በቀላሉ አይዞርም፣ ከጉልበትህም ብዙውን ያስቀርልሃል። ባለቤቴ ይህን ጊዜ ነው የገባችው። እኔ ወጥ ቤት መሐል ቆሜ በርበሬ የተንጠለጠለበት እንጨት እያወዛወዝኩ ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ በርበሬዬን ምን እያደረግኸው ነው?»

«የይቅርታን ምሥጢር እያጠናሁ።»

«እንግዲያው መጀመሪያ የፈሰሰውን ጥረግ።»

ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ሄድኩ። አዲስ ቢገዙ ሺህ ዶላር የሚጠጋና የሚያልፍ ነው፤ በዚያ ዋጋ አገር ቤት ቢሆን ስንት በግ እንደሚገዛ ባለቤቴ አስልታ ስለጨረሰች አልደግመውም። ሻጩ ወጣት ነበር፣ ትዕግሥተኛ። ሶሉ ሰፊ የሆነውን አሳየኝ። እዚህ ከጥቅምት ጀምሮ ሜዳው ጭቃ ነው፤ ስስ ሶል መሬቱን እንደ ዶማ ቆፍሮ ይገባል፣ ሰፊው ግን እንደ ግመል ኮቴ ከላይ ይንሸራተታል። ጎጃሜ ዶማ አይጠፋውም፣ ወዲያው ገባኝ። አንገቱ ወደ ኋላ የሸሸው ደግሞ ኳሳቸው ወደ ቀኝ እየኮበለለ ለሚያስቸግራቸው ነው አለኝ። የእኔ ኳስ ወደ ቀኝ ቢሆን ደግ ነበር፤ መድረሻውን ቀድሞ የሚያውቅ የለም።

አንድ ነገር ግን ደስ አላለኝም። በእነዚህ ዘመናዊ አይረኖች ሰባት ቁጥር ስመታ ኳሱ ከብሌዴ በሠላሳ ያርድ ራቀ። ደረቴ ተነፋ። በኋላ ነው የገባኝ፤ ድሮ ሰባት ቁጥር ፊቱ 35 ዲግሪ ገደማ ጋደል ያለ ነበር፣ አሁን 28 እና 30 ዲግሪ ያደርጉታል። የድሮው አምስት ወይም ስድስት ቁጥር ላይ ሰባት ብለው ጻፉበት ማለት ነው። ብረቱ ይቅር ባይ ብቻ አይደለም፤ ውዳሴም ያውቃል። በማግሥቱ ለጸሐፊው «በሰባት ቁጥር 140 መታሁ» ብዬ ስፎክር ግን ዲግሪውን አልነገርኩትም።

መጫወቻ ሜዳው ራሱ ስለ ይቅርታ ብዙ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1947 ጥቁር ተጫዋቾች በየክለቡ ሲከለከሉ የራሳቸውን ፈር ስቴት ጎልፍ ክለብ አቋቁመው እዚሁ ጀፈርሰን ተጫወቱ። በዚህ ሜዳ ያደገው ቢል ራይት በ1959 የአሜሪካን የሕዝብ ሜዳዎች ሻምፒዮና አሸንፎ የአሜሪካ ጎልፍ ማኅበር ዋንጫ የወሰደ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ፤ የባለሙያዎቹ ማኅበር «ለነጮች ብቻ» የሚለውን አንቀጹን የፋቀው ግን ገና በ1961 ነው። በዚያው በ1959 ደግሞ ሌላው የጀፈርሰን ልጅ ፍሬድ ካፕልስ ተወለደ። እርሱ በ1992 የማስተርስ ውድድር 12ኛው ጉድጓድ ላይ አጭር መትቶ ኳሱ ወደ ጅረቱ ሲንከባለል ዳገቱ ሣር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረለት፤ ዋንጫውንም ወሰደ። የሶልሃይም «ፒንግ»፣ የራይት ዋንጫ፣ የካፕልስ ልደት፣ ሁሉም በአንድ ዓመት። እኔ ኮከብ ቆጣሪ አይደለሁም፤ ሆኖም 1959ን በዚህ ከተማ የሎተሪ ቁጥሬ አድርጌዋለሁ፣ እስካሁን አልወጣም።

በአዲሶቹ ብረቶች የመጀመሪያው ጨዋታዬ ቅዳሜ ነበር። ሦስተኛው ጉድጓድ ላይ በጣቱ በኩል እንደመታሁት እጄ ነገረኝ፤ ግን ክርኔ አልጮኸም፣ ኳሱም ተነሥቶ ግሪኑ፣ ጉድጓዱ ያለበት አጭር ሣር፣ አፋፍ ላይ አረፈ። ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ። ባላርድ በየት በኩል እንደሆነች ባውቅ እሰግድ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ጠባዬ ተበላሸ። ሁሉም ነገር ይቅር እንዲለኝ እጠብቃለሁ። ግሪኑ ጋ ደርሼ ሁለት ጊዜ ከአጭር ቦታ ከሳትኩ በኋላ ኳሱ ገባ።

«ስንት?» አለኝ ጸሐፊው፣ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ።

«አምስት።»

«ዛፉ ሥር የነበርክበት?»

«እሱን ብረቱ ይቅር ብሎኛል።»

«ብረቱ ይበል። እኔ ጸሐፊ ነኝ» አለና ሰባት ጻፈ።

ብሌዶቹስ? ባለቤቴ ጋራዡን ስታጸዳ ግቢው ላይ አወጣቻቸው። አንድ የእኛ ልጅ፣ አገር ቤት ከወጣ ብዙም ያልቆየ፣ መኪናውን አቁሞ ወረደ። ሰባት ቁጥሩን አንሥቶ በአውራ ጣቱ ምላጩን ዳሰሰው። ፀሐይዋም እንደ ፈረደባት ወጥታለች፤ ብረቱ አብለጨለጨ።

«ጋሼ፣ ይሄ የባለሙያ ነው አይደል?»

«ነው።»

«ስንት ይሉታል?»

«አርባ።»

እየቆጠረ ሲሰጠኝ ክርኔን ሳላውቀው አሻሸሁት። አየኝ።

«አሞዎት ነው?»

«ብርዱ ነው» አልኩት፤ «አንተም ጓንት ግዛ።»