ሚዛኑን ለሽንኩርት

ሻሾጎ ወረዳ፣ ቦኖሻ ከተማ ባጃጅ ልሳፈር ስል ሾፌሩ አንዴ ጎማውን፣ አንዴ እኔን ያያል። «ጋሼ፣ የሁለት ሰው ነው የሚከፍሉት» አለኝ ባለፈው።

«እከፍላለሁ። ግን ቅድም ሰላም ያልከው አንዱን ብቻ ነው፤ ያኛው ተቀይሞሃል።»

ተሳፋሪው ሳቀ፣ ሾፌሩም የአንድ ሰው ተቀበለ። ዝናብ የሚፈራ ጃንጥላ ይዞ ይወጣል፤ እኔ መልስ ይዤ ነው የምወጣው።

የሚገርመኝ የሚተርበውና የሚያደንቀው አፍ ያው አንድ መሆኑ ነው። ልጁን ደቡብ አፍሪካ የላከ የአካባቢያችን ሰው፣ ልጁ ከስቶ ሲመለስ «ምን አገኘብኝ!» ብሎ ያለቅሳል፤ ወፍሮ ሲመለስ «ደልቶታል» ብሎ እልል ይላል። እኔ እዚሁ ሻሾጎ ቁጭ ብዬ ስወፍር ግን ተረብ! ቪዛ ስለሌለው ነው መሰለኝ ውፍረቴ የማይከበረው። ደቡብ ኦሞ፣ ቦዲ ብወለድ ደግሞ ለካኤል በዓል ወተትና የከብት ደም እየጠጣሁ ለወራት ተቀምጬ፣ ወፍሬ ስወጣ አገር ያጨበጭብልኝ ነበር።

ጎረቤቴ እትዬ ደግሞ ቡና ላይ «ኧረ ይሄ ቦርጭ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ለያሆዴ በዓል በእጅዎ ያጎረሱኝ አታካና ነው። ይወቁት እንጂ፣ የእርስዎው ልጅ ነው።»

ከዚያ በኋላ ሦስተኛውን ስኒ ያለ አስተያየት ቀዱልኝ።

እዚህ አገር ወፍራም ተራቢ አያጣም፤ ቁጥሩም አያግዘንም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ኢትዮጵያውያን ሴቶች መካከል ከልክ በላይ ክብደት ያላቸው 8 በመቶ፣ ቀጫጮቹ 22 በመቶ ናቸው ብሎ ነበር። ወንዶቹማ 3 በመቶ ብቻ ነበርን። ድምፅ ቢሰጥ እንሸነፋለን።

ከተረበኛ ግን የባሰ አለ። አንድ ቀን ጆሮዬን አሞኝ አንድ ጤና ቤት ሄድኩ፤ ስሙ ይቅር። ባለሙያው ጆሮዬን ሳያይ ቦርጬን አየና «ክብደት ይቀንሱ» አለኝ።

«የትኛውን ልቀንስ? የግራውን ጆሮ ወይስ የቀኙን?»

አልሳቀም። ቀጣዩን ታማሚ ጠራ። የዚያን ቀን የተረዳሁት፣ ወፍራም ሰው ቢወድቅም፣ ቢያስለውም፣ ጥርሱን ቢያመውም የሚሰጠው ማዘዣ አንድ መሆኑን ነው። እንዲህ የተመለሰ ሰው ቀጥሎ የሚመጣው ሲብስበት ነው።

ሌላ ጊዜ ያገኘኋት ነርስ ግን ሚዛኑን በእግሯ ገፋ አደረገችው። ግፊቴን ልትለካ ስትል ለክንዴ የሚበቃ ሰፊ ጨርቅ ፈልጋ አመጣች፤ ጠባቡ ወፍራም ክንድ ላይ ግፊቱን ከእውነቱ አብልጦ ያሳያል አለች። ስንት ዓመት ሙሉ በጠባብ ጨርቅ ስደነግጥ ኖሬያለሁ! ከዚያ መጠየቅ ጀመረች። እንዴት ይተኛሉ? ያንኮራፋሉ? ገበያ ደርሰው ሲመለሱ ጉልበትዎ ምን ይላል? ሳይርብዎት የሚበሉት መቼ ነው?

«ሲያጎርሱኝ።»

ሳቀች። «ጎመን ብቻ ብላ» የሚል ወረቀት አልሰጠችኝም። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ፣ የቡናውን ስኳር ቀነስ፣ እንቅልፍ በሰዓቱ፣ ግፊትና ስኳርን መለካት። «ኪሎው ቢወርድም ባይወርድም የተራመዱት የእርስዎ ነው» አለችኝ።

ይሄን የሰማ ቀጭን ጓደኛዬ ስልኩን አውጥቶ ኪሎዬን ለቁመቴ ሁለት ጊዜ አካፈለ። «ቢኤምአይህ 34 ነው። ከ30 በላይ በሽታ ነው!»

«ስሌቱን ማን አወጣው?»

ፈልጎ አገኘው። አዶልፍ ኬትሌ የሚባል ቤልጅጋዊ፣ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ። ሐኪም አይደለም፤ የሥነ ፈለክ ሰው ነው።

«ለካ እንደ ፕላኔት የምታየኝ ለዚህ ነው! ለመሆኑ የአንተስ ግፊት ስንት ነው?»

ተለክቶ አያውቅም። ከቤቱ ገበያ በሞተር የሚሄድ፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውል ሰው ነው፤ ቅጥነቱን እንደ ጤና ካርድ ይዞት ይዞራል።

ውፍረት ምንም አያመጣም የሚለኝም ቢመጣ አልምረውም፤ ጉልበቴን ይጠይቀው። ግን እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ የካሊፎርኒያ ጥናት 78 ወፍራም ሴቶች ለሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ ምግብ እየቆጠሩ እንዲከሱ፣ ግማሾቹ ክብደቱን ትተው ረሃባቸውን እንዲያዳምጡና ደስ ብሏቸው እንዲንቀሳቀሱ ተደረገ። በስድስት ወር ከቆጣሪዎቹ 41 በመቶ ጥለው ሄዱ፤ ከሌሎቹ 8 በመቶ ብቻ። በሁለተኛው ዓመት ቆጣሪዎቹ የቀነሱት ተመልሶባቸዋል። እነዚያኞቹ ኪሏቸው ባለበት ነው፤ ግፊታቸውና ኮሌስትሮላቸው ግን ወርዷል፣ ራሳቸውንም መጥላት ቀንሰዋል። 78 ሰው ትንሽ ነው ትሉኝ ይሆናል። እናንተ እኔን የምትተርቡኝ አንድ የምታውቁትን ወፍራም አይታችሁ አይደል?

እኔም አሁን የራሴን ቆጠራ ይዣለሁ። የጫማዬን ክር ሳላርፍ አስራለሁ። ሌሊት ቤተሰቡ ከማንኮራፋቴ ሸሽቶ ሳሎን አያድርም። ለቅሶ ቤት አግዳሚው ላይ ለመቀመጥ «ይሰበር ይሆን?» ብዬ ቆሜ አላመሽም።

ባለፈው የገበያ ቀን ሚዛን ይዞ መንገድ ዳር የሚቀመጠው ልጅ «ጋሼ፣ ይመዘኑ!» አለኝ። ጓደኛዬ ቀደመ፦ «ተው አንተ ልጅ፣ ሚዛንህን ትወደዋለህ?»

ብሩን ከፈልኩና የገዛሁትን ሽንኩርት ከነፌስታሉ ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኩት። ሦስት ኪሎ ተብሎ የተሸጠልኝ ሁለት ተኩል ወጣ።

«እንኳን ደስ አለህ» አልኩት ጓደኛዬን፣ «ክብደት የቀነሰ ተገኘ።»

እሱ ሞተሩን ሲያስነሳ እኔ በእግሬ ወደ ገበያው ተመለስኩ። ነጋዴዋ ላቤን አይታ ደነገጠች። «ለግማሽ ኪሎ ሽንኩርት ይሄን ሁሉ መንገድ በእግርዎ?»

«በሳምንት 150 ደቂቃ አለብኝ፣ እህቴ። ነገም አጉድይብኝ።»